ውሃ ላይ የታየው ደረጃ

ኦገስት 27

ሙቀቱ ሰው ይገድላል። ትራሙ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለ፣ የቀረውን በእግሬ አዘገምኩት። ላብራቶሪው ስደርስ መብራት የለም። አማካሪዬ ፕሮፌሰር ሳንያል ኮሪደር ላይ ቆሞ ጣቱን ይልሳል። ዓሣ በሰናፍጭ ዘይት በልቶ መምጣቱ ከሩቅ ይሸታል። በዚያው ጣት የላብራቶሪውን እጀታ ይዞ "ፊልማችን እንዴት ነው?" አለኝ። ፊልማችን! ፊልሙ የሚሠራባትን ገንዳ ካያት ሁለት ዓመት አልፎታል። በዚያ ጣቱ ከሚነካት ባያያት ይሻላል።

ትናንት ደግሞ አክስቴ... "ውሃ ላይ ዘይት ታንሳፍፋለች አሉኝ፣ ለዚህ አምስት ዓመት?" ብላ በሰው ፊት ሳቀችብኝ። ለእሷ ከማስረዳት ለግድግዳ ማስረዳት ይቀላል። እዚሁ ልጻፈው፣ ወረቀት ቢያንስ አይስቅም።

ነጭ ጠፍጣፋ ገንዳ አለች፣ እስከ አፏ በተጣራ ውሃ የተሞላች። ፖሊመሩን፣ ያንን እንደ ክር የረዘመ ሞለኪውል፣ በክሎሮፎርም አሟምቼ ውሃው ላይ ጠብ ጠብ አደርገዋለሁ። ክሎሮፎርሙ ተንኖ ይጠፋል፣ ፖሊመሩ ይዘረጋል። ሳንያል ፊልም የሚለው ይህንን ነው፣ ውፍረቱ የአንድ ሞለኪውል ብቻ ነው። ከዚህ በላይ መሳሳት የለም። ከዚያ በዘንግ ከዳር ወደ መሀል እገፋዋለሁ። ሲጨናነቅ ምን ያህል እንደሚታገል ሚዛን ላይ የተንጠለጠለች ቁራጭ ወረቀት ትናገራለች፣ ኮምፒዩተሩ መስመር ይስልልኛል። ሥራዬ ይኸው ነው፣ መስመር ማየት።

ሁለቱ ፖሊመሮቼ አይዋደዱም። አንድ ላይ ባፈሳቸውም ውሃው ላይ የየራሳቸውን ደሴት ሠርተው ይቀመጣሉ፣ ልክ የእናቴና የአባቴ ዘመዶች ሠርግ ቤት። ሦስተኛው ኮፖሊመሩ ነው። አንድ ክር ሆኖ ግማሹ ከአንዱ፣ ግማሹ ከሌላው የተቀጠለ። ድንበሩ ላይ ገብቶ ያስታርቃቸው ይሆን? የመመረቂያዬ ሦስተኛ ምዕራፍ ይኸ ጥያቄ ነው። አስታራቂው እስካሁን ምንም አልፈየደም።

መካኒኩ ኒታይ ዛሬም መጣ። ገንዳዋን ከቴፍሎን ጥርብ ፈልፍሎ የሠራት እሱ ነው፣ ልጁ ትመስለዋለች። አሁን ደግሞ ትልቅ እየፈለፈለ ነው፣ ግማሽ ደርሷል። ግን በሴፕቴምበር መጨረሻ ስድሳ ይሞላዋል። ሁለት ዓመት ይራዘምልኝ ብሎ ያመለከተበት ወረቀት ሳንያል ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ይጠብቃል። "ሠላሳ ስምንት ዓመት ማኅደሬ ላይ አንድ መጥፎ ቃል አልተጻፈም፣ እናቴ" ይለኛል፤ ሴት ልጅን ሁሉ እናቴ ነው የሚለው። ሦስተኛ ጊዜው ነው። እኔ ምን አገባኝ?

ሴፕቴምበር 4

መስመሩ ዛሬም ለስላሳ ነው፤ ኮፖሊመሩ ቢያስታርቃቸው የሆነ ቦታ ላይ ይሰበር ነበር። አራተኛ ሳምንት። ሁሉም ደደብ ነው፣ ፖሊመሮቹም ጭምር።

ሴፕቴምበር 11

ቱሂና የምትባለዋ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጠዋት ጠዋት የምታደርገውን ዛሬ ቆሜ አየሁ። ገንዳዋን ትሞላለች፣ ምንም ጠብ ሳታደርግ ውሃውን ብቻ ትገፋለች። መስመሩ ከዜሮ እንዳልተነሳ አይታ ደስ ብሏት ወደ ሥራዋ። ከዚያ በፊት እጇን ሦስቴ በሳሙና፣ ሦስቴ በሙቅ ውሃ... ኒታይ ነው ያስተማራት። ከታጠበችም በኋላ በእጇ አትነካም፣ ሁሉን በወረንጦ።

እኔንም አስተምሮኝ ነበር፣ አንደኛ ዓመት ሳለሁ። ባዶ ውሃ መፈተን ለጀማሪ ነው። እኔ አሁን ቁጭ ብዬ ውሃ ውሃ መሆኑን ላረጋግጥ? ቅርት ይበለኝ።

ሴፕቴምበር 17

የመሣሪያ አምላክ ቀን። ከተማው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ጣሪያ ላይ ወጥቷል፣ ሰማዩ በወረቀት አሞራ ተሞልቷል። የመካኒክ ክፍሉ ውስጥ መቅረጫ ማሽኑ የአበባ ጉንጉን አጥልቆ እንደ ሙሽራ ተጎልቷል። እነ ሳንያል ተሰልፈው ጣፋጭ ይቀበላሉ። ፕሮፌሰር ነኝ የሚል ሰው፣ ለብረት እጅ ነሥቶ!

ኒታይ አዲስ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ በዘይት የታሸ ቀይ ዱቄት በቅጠል ይዞ በሬ ላይ ቆመ። እንደየዓመቱ ለገንዳዋም አንድ ነጥብ ላድርግላት አለኝ። ገንዳዋ ያንድ ጣት ዘይት አይደለም ትንፋሽ አትችልም፣ ራስህ የሠራሃት ሰውዬ አልገባህም? ማለት ፈለግኩ። "ጋሽ ኒታይ፣ እዚህ ሳይንስ ነው የሚሠራው" አልኩት።

"እሷን አልነካም እናቴ። ጠረጴዛዋን ነው።"

ይቅርብኝ ብዬው ምሳ ወረድኩ። ስመለስ የጠረጴዛው እግር ላይ፣ ወለሉ አጠገብ፣ ቀይ ነጥብ። ምስር የምታክል። ልቤ እንዴት እንደተቃጠለ! ሰው አይሰማም እኮ።

ሴፕቴምበር 18

ነጥቡን ጠራርጌ አነሳሁት። አልበቃኝም። ሕክምና ኮሌጁ አጠገብ ካለው መድኃኒት ቤት አንድ ካርቶን ጓንት ገዛሁ፣ ዱቄት የሌለበትን፣ ደህናውን። ከዛሬ ጀምሮ የዘይታም ሰው እጅ የነካውን ሁሉ በጓንት ነው የምይዘው።

ኒታይ አይቶኝ "እሱ ለሐኪም ነው እናቴ፣ እጅ መታጠብ ይበልጣል" አለኝ። አልመለስኩለትም። ከማኅበረ አሞራ አብራሪ ምክር ልቀበል?

ሴፕቴምበር 19

ደረጃ!

ግፊቱ ዘጠኝ ደርሶ ቀጥ አለ። ዘንጉ እየገፋ ነው፣ መስመሩ ግን አይወጣም፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሄዳል... ከዚያ እንደገና ተነሳ። ኮፖሊመሩ ሥራውን ሠራ ማለት አይደል? ደሴቶቹ ፈረሱ፣ ተቀላቀሉ! እናቴ ስልክ ላይ "ምን ሆንሽ፣ ታለቅሻለሽ?" አለችኝ። ለካ አለቅስ ነበር።

ሴፕቴምበር 22

አምስት ጊዜ ደገምኩት። አምስቱም ጊዜ ዘጠኝ ላይ። ሳንያል መስመሩን አይቶ ወንበሩን ስቦ ቁጭ አለ። "ግኝታችን" አለ። በአንድ ሌሊት የእሱም ሆነ! ጽሑፉን በሁለት ቀን ጨርሺ፣ የኦክቶበሩ ጉባኤ ላይ አቀርበዋለሁ አለ። አቀርበዋለሁ፣ በነጠላ። ይሁን። ሥራው ሲታተም ስሜ ቀድሞ ይጻፋል። አክስቴ ያኔ ትሳቅ።

ሴፕቴምበር 26

ምን ዓይነት ቀን ነው...

ቱሂና ጠዋት መጥታ፣ እኔ ማታ አጽድቼ በተውኳት ገንዳ ላይ ባዶ ውሃ ገፋች። "እቴ፣ ነይ እስቲ እዪልኝ" አለችኝ። መስመሩ ተነሣ። ዘጠኝ ላይ ቀጥ አለ።

ፖሊመር የለም። ኮፖሊመር የለም። ውሃ ብቻ ነው። ደረጃው ግን አለ።

ቆሻሻ ነው ማለት ነው። አንድ ነገር ገንዳዋ ውስጥ ገብቶ፣ እኔ ዕርቅ ያልኩት ያንን ነው። ጽሑፉ ትናንት ተልኳል። ቱሂና ለሰው አልናገርም አለችኝ። እንዴት አባቷ ታዝንልኛለች? ለማን?

ያ ሽማግሌና ቀይ ዘይቱ! ሌላ ማን ሊሆን?

ሴፕቴምበር 28

ሳንያል ዘንድ ቀድሜ ገባሁ። ፊቱ አመድ ሆነ። ማን ነው ያበላሸው አለኝ። ነገርኩት። በጽሑፍ አድርጊው አለኝ፣ አደረግኩት። "የመካኒክ ክፍሉ ሠራተኛ ተከልክሎ ሳለ ገንዳዋ ላይ ዘይትና ቀለም ቀብቷል።"

ገንዳዋ ላይ። እንደዚያ ነው የጻፍኩት። እግርና ገንዳ ምን ይለያያል፣ አንድ ጠረጴዛ አይደለም? ዘይት እንደሆነ ይሄዳል።

ኒታይን ጠሩት። ኮፍያውን ይዞ ቆመ። ገንዳዋን አልነካሁም አለ፣ አንዴ ብቻ። ሳንያል ጮኸበት። እኔ መስኮቱን አየሁ። የማራዘሚያውን ወረቀት ሳንያል ከጠረጴዛው አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። "በቸልተኝነት ንብረትና ምርምር አበላሽቷል" የሚል ደብዳቤ ወደ ማኅደሩ ገባ።

ሴፕቴምበር 30

የኒታይ መጨረሻ ቀን። ሻይ አልተደረገም፣ አበባ አልተሰጠም። ግማሽ የተፈለፈለችውን ትልቅ ገንዳ በጨርቅ ሸፍኗት ሄደ።

እንግዲህ እግዜር ይስጠው። ተው ስለው ቢሰማ ኖሮ።

ኦክቶበር 21

የበዓል ዕረፍቱ አለቀ። አሥር ቀን ከበሮ፣ አሥር ቀን ድምፅ ማጉያ፣ ዘመድ፣ ጣፋጭ። "ግኝትሽስ?" ይሉኛል ሁሉም። ጉባኤው ላይ ሳንያል ሌላ አሮጌ ሥራ አቀረበ፣ ጽሑፉን ለጊዜው አስቆመው። ከንጹሕ ገንዳ አዲስ ቁጥር እስከ ኖቬምበር መጨረሻ አምጪ ብሎኛል።

ጠረጴዛውን አስለወጥኩ። ክፍሉን በሙሉ አሳጠብኩ። ገንዳዋን በክሎሮፎርም አራት ጊዜ ወለወልኩ፣ ሙሉ ጓንት አድርጌ። ነገ እንጀምራለን።

ኦክቶበር 22

ባዶ ውሃ። ደረጃው አለ።

ኦክቶበር 24

ስድስት ጊዜ ወለወልኩ። ደረጃው ረዘመ! ባጸዳሁ ቁጥር ይብሳል። ቀይ ነጥቡ ከጠፋ ወር አልፎታል፣ ጠረጴዛው ራሱ ጓሮ ተጥሏል። ከየት ነው የሚመጣው?

ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ቱሂና አጽድታ፣ ቱሂና ሞልታ፣ ቱሂና ገፋች። በባዶ እጇ፣ በታጠበ እጅ፣ በወረንጦ። መስመሩ ዜሮ ላይ ተኛ።

የእሷ ንጹሕ ነው። የእኔ ቆሻሻ ነው። ልዩነታችን ምንድን ነው...

ኦክቶበር 25

እሑድ። ሰው የለም። ብቻዬን ገባሁ።

እጄን እንደ ጀማሪ ታጠብኩ። ገንዳዋን በወረንጦ አጸዳሁ፣ ሞላሁ፣ ገፋሁ። ዜሮ። ከዚያ ከካርቶኑ አንድ አዲስ ጓንት አወጣሁ። የአንዱን ጣት ጫፍ በመቀስ ቆርጬ በክሎሮፎርም ነከርኩት። ከዚያ ክሎሮፎርም አንዲት ጠብታ ውሃው ላይ።

ገፋሁ። ዘጠኝ ላይ ቀጥ አለ።

ጓንቱ ሲመረት ከቅርጹ እንዳይጣበቅ፣ እጅም እንዲገባበት ሲሊኮን ዘይት ይቀቡታል። ሲሊኮን ራሱ ፖሊመር ነው፣ ውሃ ላይ ተንጣልሎ የሚተኛ። የእሱ መስመር ዘጠኝ አካባቢ ደረጃ እንዳለው አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ አለ፣ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ተፈትኜበታለሁ! ክሎሮፎርሙ ከጓንቱ ያጥበዋል፣ እኔ በጨርቅ ገንዳዋን ሙሉ እቀባዋለሁ። አምስት ሳምንት። ስወለውል ስቀባ፣ ስወለውል ስቀባ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላሉ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ኒታይ አይደለም። "ማንም አላየኝም" ነው ያልኩት። እንዲህ ያለች ሰው ነኝ ለካ።

ኦክቶበር 29

አራት ቀን ዝም። ጓንቱን ጥዬ በባዶ እጅ እሠራለሁ። መስመሩ ለስላሳ ነው፣ ኮፖሊመሩ ምንም አያስታርቅም፣ ደሴቶቹ እንደ ደሴት ናቸው። ምዕራፉ ሞቷል። "የኒታይ ዘይት ነበር፣ አሁን ጠራ" ብል ማን ይጠይቀኛል? ሰውዬው ወጥቷል። ማኅደሩን ማን ያነበዋል?

ያነበዋል። እሱ ያነበዋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የቆጠረው ነገር ነው።

እንዴት ነው ሰው ይህን ያህል ራሱን የሚጸየፈው?

ኖቬምበር 3

ለሳንያል ነገርኩት። ሁሉንም፣ ጓንቱን፣ የተቆረጠችውን ጣት፣ ነጥቡ እግሩ ላይ እንደነበር። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልጮኸም። ሻዩን ጠጣ።

"የቸልተኝነቱን ደብዳቤ የፈረምኩት እኔ ነኝ" አለ። "ዳይሬክተሩ ሳታጣራ ለምን ፈረምክ ይለኛል። ሰውዬው ሄዷል፣ ነገሩ ተዘግቷል። አንቺ ደግሞ መመረቅ ትፈልጊያለሽ፣ አይደለም?"

ስለ መካኒክ ይህን ያህል ምን አስጨነቀሽ፣ አለኝ ቀጥሎ። ከሁለት ወር በፊት እኔው የምለው ቃል ነው። ፊቱን እያየሁ ተጠየፍኩት። ግን እንደ ድሮው ደስ አላለኝም።

ኖቬምበር 6

የሠራተኛ ማኅደር ለሚይዘው ሬጅስትራር ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ሳንያልን ሳላስፈቅድ። አሥር ጊዜ ቀደድኩ። የመጨረሻው ጥሩ ነው፣ አጭር፣ ጨዋ። "ገንዳዋ ላይ የታየው ብክለት ከቀለሙ ሳይሆን ከጓንት የመጣ መሆኑ በሙከራ ተረጋግጧል፤ በሠራተኛው ላይ የተጻፈው ደብዳቤ እንዲነሣ፣ የማራዘሚያ ጥያቄውም እንደገና እንዲታይ..."

ከማስገባቴ በፊት ጋሽ ኒታይ ማየት አለባቸው። አለባቸው? አዎ። ባልሄድ ደስ ይለኝ ነበር።

ኖቬምበር 8

እሑድ። በባቡር አርባ ደቂቃ፣ ከዚያ በእግር። ወንዙ ዳር፣ የእህታቸው ልጅ የውሃ ፓምፕ ጥገና ቤት ውስጥ አገኘኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የፓምፕ ሆድ ፈተው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ አልተነሡም። በርጩማ በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ።

ነገርኳቸው። ስናገር ድምፄ ቀጠነ፣ እንደ ሕፃን። እሳቸው ብሎን ይለቅማሉ። ስጨርስ "አውቃለሁ" አሉ።

ምን?

ሴፕቴምበር ሃያ ስድስት፣ ቱሂና ባየችው ዕለት፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጓንቴን አይተው ነበር። በጣታቸው አሹት፣ አሟለጫቸው። በዚያው ቀን ሊነግሩኝ በሬ ላይ ሁለቴ መጡ። አንዴ ስልክ ላይ ነበርኩ። በሁለተኛው "ጋሽ ኒታይ፣ ዛሬ አይመቸኝም" ብዬ በሩን ዘጋሁት። አላስታውስም። እንደዚያ ማድረጌን እንኳ አላስታውስም!

"ለፕሮፌሰሩስ ለምን አልነገሩትም?" አልኩ።

"ማን ይሰማኛል? አንቺ ጽፈሻል፣ እኔ የማወራው በአፌ ነው።"

ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። እጃቸውን በጋዝ ታጠቡ፣ በሳሙና ታጠቡ፣ አደረቁ፣ መነጽራቸውን አወረዱ። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ረጅም ጊዜ። ጥሩ ነው የሚሉኝ መሰለኝ። አመስጋኝ ዓይን እየጠበቅኩ ነበር እኮ፣ አሁንም!

"ነጥቡ የጠረጴዛው እግር ላይ ነበር" አሉ። "እዚህ የለም። አንቺ ገንዳዋ ላይ ብለሽ ነው የጻፍሽው፣ ነጥቡን በዓይንሽ አይተሽ።"

እጨምረዋለሁ አልኩ።

"ይኼ ደግሞ" አሉና መስመሩን በጥፍራቸው መቱት። "ከጓንት የመጣ ይላል። ጓንት ብቻውን ተራምዶ አይገባም። ውስጡ የማን እጅ ነበር?"

እጄን በቦርሳዬ ሥር ደበቅኩት።

"ስሜ ማኅደር ላይ በሙሉ ተጽፏል፤ ኒታይ ካርማካር፣ መካኒክ። የአንቺስ?"

ብዕር አልነበረኝም። የፓምፕ ደረሰኝ የሚጽፉበትን ሰጡኝ። እዚያው፣ ቅባት የጠገበ ጠረጴዛ ላይ፣ ጋዜጣ አንጥፈው አዲስ ወረቀት አስቀመጡልኝ። ስሜን በሙሉ ጻፍኩ። የራሴ እጅ እንደሆነ ጻፍኩ። እግሩ ላይ መሆኑን እያወቅኩ ገንዳዋ ላይ ብዬ እንደዋሸሁ ጻፍኩ። ባዶ ውሃ እንዳልፈተንኩ ጻፍኩ። እሳቸው ቆመው ጠበቁ። ሁለቴ አነበቡት፣ መለሱልኝ።

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። ፓምፑን ሰው ይጠብቀዋል አሉና ጀርባቸውን ሰጡኝ። ይመለሱ እንደሆነ ጠይቄ ነበር፣ ትልቋ ገንዳ በጨርቅ እንደተሸፈነች ናት ብዬ። "መጀመሪያ ወረቀቱ ይግባ" አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ኖቬምበር 9

ለሬጅስትራር መጻፌን ሳንያል ከየት እንደሆነ እንጃ ሰምቷል፣ ጠዋት ኮሪደር ላይ ሊያየኝ ሳይፈልግ ዞሮ ሄደ። ሦስተኛው ምዕራፍ ከመመረቂያዬ ወጥቷል፣ ሠላሳ አንድ ገጽ። ለመመረቅ ምናልባት ሌላ አንድ ዓመት፣ ምናልባት ሁለት... ምናልባትም ሌላ አማካሪ።

ደብዳቤውን ሬጅስትራር ቢሮ አስገባሁ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሻይ እየጠጣ ተቀበለኝ፣ ማየት ጀመረ፣ ሻዩን አስቀመጠ። እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። "ይህን የጻፍሽው አንቺው ነሽ?" አለኝ።

እኔው ነኝ አልኩት።

ከንፈሩ ጥግ ላይ ትንሽ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሳቅ አይደለም፣ ንቀት ነው። አወቅኩት። አምስት ዓመት ሙሉ እኔ ሰው ሳይ የማደርገው ነው፣ ከፊት ለፊት ግን አይቼው አላውቅም ነበር። እንዲህ ያቃጥላል ለካ።

ማኅተሙን መታ፣ ቅጂውን ሰጠኝ። ይዤ ወጣሁ።